አምስት በር፣ ብዙ አንደበት፦ የጀጎል የዘወትር ንግግር ታሪካዊ ዳሰሳ

የሐረርን አሮጌ ከተማ በከበበው የጀጎል ግንብ ላይ ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች አሉ፤ ስማቸው ግን ከአምስት ይበዛል። ሐረሪው አስማዲን በሪ የሚለውን አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል። በድሪ በሪ ቡዳ በር ነው፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር፤ ሱቁጣት በሪ ሰንጋ በር፤ አሱሚይ በሪ ደግሞ ፈላና በር። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ከራ» የሚለውን ቃል ከፊት አስቀድሞ በራሱ ስም ይጠራቸዋል። ዘግየት ብሎ የተከፈተው ስድስተኛው በር እንኳ ከአውሮፓ የመጣ ማዕረግ ይዞ «ዱክ በር» ተብሎ ቀርቷል።

ስም ሰያሚው ወዴት ይመለከት እንደነበር ይናገራል። በ1879 ዓ.ም. ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር የመጣ ሰው በምዕራቡ በር ሲቆም የሚያየው ወደ አገሩ የሚመልሰውን መንገድ ነበርና ሸዋ በር አለው። ከእሱ በፊት እዚያው የኖረው ሐረሪ ግን ለዚያ በር የራሱ ስም ነበረው፤ አዲሱ ስም ሲመጣም አሮጌው አልሞተም። ዛሬ ጀጎል ያደገ ልጅ ሁለቱንም፣ አንዳንዴም ሦስቱን ያውቃል። ከማን ጋር እንደሚያወራ አይቶ አንዱን ያነሣል።

የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ ከዚሁ ይነሣል። ስለ ሐረር ሲጻፍ ግንቡ፣ መስጊዶቹና ጅቦቹ ደጋግመው ይነሣሉ። የሰዉ የዘወትር ንግግር፣ ማለትም መጠራሪያው፣ መሐላው፣ የገበያውና የበርጫው (የጫት መቃሚያው ወግ) ቃል፣ ብዙ ጊዜ እንደ ማሳቂያ ወይም እንደ ተበላሸ አማርኛ ይታያል። እኔ ግን ይህ ንግግር የከተማይቱ ሌላ የታሪክ መዝገብ ነው ብዬ አምናለሁ። መዝገቡን በትዕግሥት ያነበበ ሰውም አንድ ትልቅ ነገር ያገኝበታል፦ ከጎረቤት ቃል መዋስና የራስን ቋንቋ ማጣት የግድ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም።

የከተማ ቋንቋ

ሐረሪዎች ከተማቸውን ጌይ፣ ራሳቸውን ጌይ ኡሱእ፣ ቋንቋቸውን ጌይ ሲናን ይላሉ። ከተማ፣ የከተማ ሰው፣ የከተማ ቋንቋ ማለታቸው ነው። ቋንቋው ሴማዊ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወላንኛና ዛይኛ ናቸው። እነዚህ ዘመዶቹ ግን የሚነገሩት በምዕራብ በኩል እጅግ ርቀው ነው። በዙሪያው ያሉት ኦሮምኛና ሶማልኛ ኩሻዊ ቋንቋዎች በመሆናቸው ጌይ ሲናን ለብዙ ዘመናት በአንዲት ከተማ ውስጥ የኖረ ቋንቋ ነው።

ግንቡ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ከ1552 እስከ 1567 እ.ኤ.አ. ግድም የገዙት አሚር ኑር ቢን ሙጃሂድ ከተማይቱን በግንብ ያጠሩት ጦርነት በበረታበት ዘመን ነበር። በ48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወሊይ መካነ መቃብሮች የተሰበሰቡባት ይህች ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። በግንቡ ውስጥ ሃይማኖታዊ ትምህርት በዐረብኛ ሲሰጥ ጌይ ሲናንም በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። «ኪታብ አል ፈራኢድ» የተባለው የሃይማኖት ድርሳን ለዚህ ምስክር ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ ቋንቋው በግእዝ ፊደል መጻፍ ጀምሯል።

በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ቆየ። ከአንድ ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መጨረሻም የጌይ ሲናን ሰዋስው መነሻና የቃላት ዝርዝር አያያዘ። ይህች ትንሽ ከተማ ከነዋሪዎቿ በቀር ሌላ ሰው የማይሰማው የራሷ ቋንቋ እንዳላት ሲያይ መገረሙን አልደበቀም። ከእሱ በኋላ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1936 እ.ኤ.አ. የሐረርን ቋንቋና ታሪክ አጠና። ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. የሐረሪኛን የቃላት ምንጭ የሚመረምር መዝገበ ቃላት አሳተመ። የቤቱና የመጽሐፉ ቋንቋ እንዲህ በየዘመኑ መዝጋቢ አግኝቷል። የመንገዱ ንግግር ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም።

የገበያ አንደበት

ግንቡ ሰውን ማታ ያስቀር እንጂ ቀን ቀን በሮቹ ለገበያ ክፍት ነበሩ። ጀጎል የኖረችው በንግድ ነው። ከዘይላና ከበርበራ ወደብ የተነሣው ሲራራ በሶማሌ ምድር አልፎ ይመጣል፤ ቡናውን፣ እህሉንና ቅቤውን የኦሮሞ ገበሬ ያመጣል። ሻጭና ገዢ የሚግባቡበት አንደበት በየቀኑ ያስፈልግ ነበር።

የዚያ ንግድ አሻራ ዛሬም በቦታ ስሞች ላይ ይታያል። ፈረስ መጋላ፣ ጊድር መጋላ፣ መጋላ ጉዶ ይባላል። «መጋላ» በጌይ ሲናንና በምሥራቁ ኦሮምኛ የገበያ ስም ሲሆን በሶማልኛ ከተማ ማለት ነው። ገበያና ከተማ አንድ በሆኑበት አገር አንድ ቃል ለሁሉም በቃ። የጅብም ስም እንዲሁ ነው። ሶማሌው «ወራቤ»፣ ኦሮሞው «ወራቤሳ»፣ ሐረሪው «ወራባ» ይለዋል። ማታ ማታ በግንቡ ቀዳዳ እየገባ የከተማዋን ጉድፍ ለሚበላው እንስሳ ሦስቱ ጎረቤቶች የሰጡት ስም ከአንድ ግንድ የወጣ ነው።

የሐረርን አማርኛ ከሌላው አማርኛ የሚለየው ብዙው ነገርም ከዚሁ ገበያ የመጣ ነው። እሺ ለማለት «ሀዬ» ከሶማልኛው፣ «ቶሌ» ከኦሮምኛው ይሰማል። ወዳጅን ከሩቅ ለመጥራት «ዋሪያ!» ማለት ሶማሌው ወንድን የሚጠራበት አጠራር ነው። በእኩዮች መካከል ሲባል ፍቅር አለበት። ከሌላ አገር የመጣ ሰው የሕዝብ መጠሪያ አድርጎ ሲወረውረው ግን ያቆስላል። የመንገድ ቃል ዋጋው በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ባለው ዝምድና ይለካል፤ ይህን የሐረር ሰው ሳይማር ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ የምሥራቁ ሰው የሚታወቅበት ቃል «አቦ» ነው። «አቦ ተወኝ»፣ «አቦ ና እንጂ»፣ «ኧረ አቦ!»። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤትም «ያ አቦ» እያለ ይጠራል። ቃሉ እንደ ድምፁ ቃና ልመናም፣ ቁጣም፣ ግርምትም፣ መሰልቸትም ይሆናል። «ወላሂ» ደግሞ የዐረብኛ መሐላ ነው፤ በሐረርና በድሬዳዋ ግን ከሙስሊሙ አፍ ብቻ አይሰማም። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎረምሳ «ወላሂ እውነቴን ነው» ሲል ሃይማኖቱን አልለወጠም። አብሮ ያደገው ጓደኛው እንዲያምነው በጓደኛው ቃል መሐላ ገባለት እንጂ። የጎረቤትን መሐላ ተውሶ ለጎረቤት መማል ትልቅ መተማመን የሚጠይቅ ነገር ነው።

በመጠራሪያ በኩልም የምሥራቁ አማርኛ ወግ ለብቻው ነው። በሸዋና በጎጃም «አንቱ» ወይም «እርስዎ» የሚባል ሰው በሐረርና በድሬዳዋ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ከማዕከሉ የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ንቀት ይመስለዋል። አክብሮቱ ግን አልጠፋም፤ ቦታውን ለውጧል። በሐረሪው ዘንድ «አው» ለአባትና ለወሊይ፣ «አይ» ለእናትና ለሴት ወሊይ ከስም በፊት የሚገቡ የክብር ቃላት ናቸው። አው አባድርና አይ አቢዳ የሚባሉትም ለዚህ ነው።

ጦር፣ ባቡርና የስፌት መኪና

ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ግብፆች ሐረርን ያዙ። እነሱ ከወጡ በኋላ አሚር አብዱላሂ ጥቂት ጊዜ ቢገዙም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ተሸነፉ፤ ከተማይቱም በራስ መኮንን አስተዳደር ሥር ገባች። አማርኛ ከዚህ በኋላ የሹመት፣ የፍርድ ቤትና የጦር ሰፈር ቋንቋ ሆኖ ተቀመጠ። አመጣጡ በጦር ነበር፤ ይህን መሸፈን አይገባም። በጊዜ ብዛት ግን ከግቢ ወጥቶ ወደ ጎዳናው ወረደ፤ ጎዳናውም እንደ ራሱ አድርጎ ቀረጸው።

በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ሐረርን በአቀበቱ ምክንያት ትቶ ቢያልፍም ፈረንሳይኛው ሽቅብ ወጣ። ነጩን ሰው «ሙሴ» ማለት፣ የባቡር ጣቢያውን ሰፈር «ለገሀሬ» ማለት የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ከባቡሩ በፊት ሐረር የከረመው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ከዚህ አንደበት አላመለጠም። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም በልጆቹ አፍ «ራምቦ ቤት» ነው፤ ስሙ በአገሬው አጠራር ተቃንቶ የሰፈር ምልክት ሆኗል።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። በግራና በቀኝ የተደረደሩት የስፌት መኪናዎች የሚያሰሙት ድምፅ ነው ስሙን ያወጣለት። የባሕር ማዶ ዕቃ፣ ከውጭ የመጣ የዕቃ ስምና ከአካባቢው የተቀዳ ድምፅ በአንድ መንገድ ስም ተጋብተዋል። ይህን ስም ያወጣ ባለሥልጣን ወይም ኮሚቴ የለም፤ በዚያ ያለፈ ሕዝብ በጆሮው ሰየመው።

እንግሊዝኛ በብዙ መልክ

ስለ እንግሊዝኛ የመንገድ ንግግር ሲወራ አእምሯችን ወደ ለንደንና ወደ ኒውዮርክ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ግን እንደየአገሩ ብዙ ነው። ናይጄሪያዊው ወዳጁን «ሃው ፋር?» ብሎ ሰላም ሲለው የርቀት ጥያቄ እየጠየቀው አይደለም። ደቡብ አፍሪካዊው የመንገድ መብራትን «ሮቦት» ይለዋል። አውስትራሊያዊው ከሰዓት በኋላን አሳጥሮ «አርቮ» ይላል። የሲንጋፖር ሰው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ በ«ላህ» ያለዝባል። ሕንዳዊው «መልካም ስምዎ ማን ነው?» ሲል በእንግሊዝኛ ቃል የሂንዲን ትሕትና እየተናገረ ነው።

ሐረር ይህን ብዝኀነት ከመጽሐፍ በፊት በሰው አይታዋለች። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የማርዳን የተራራ መተላለፊያ ሰብሮ ሐረርን ከፋሺስት ጦር ያስለቀቀው የእንግሊዝ ጦር ክፍል የናይጄሪያ ብርጌድ ነበር። ስለዚህ በዚያ መጋቢት ከተማይቱ የገባው እንግሊዝኛ ከምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ጋር ጭምር የመጣ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በአቅራቢያው ዓለማያ ላይ የእርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም መምህራኑ ከአሜሪካው ኦክላሆማ መጡ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በሐረር የተከፈተውን የጦር አካዳሚ ያደራጁት የሕንድ ጦር መኮንኖች ነበሩ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። የናይጄሪያው ወታደር፣ የኦክላሆማው ፕሮፌሰርና የሕንዱ መኮንን ሁሉም «እንግሊዝኛ» የሚሉት ነገር ለሰሚው ጆሮ አንድ አልነበረም። ለጌይ ሲናን፣ ለኦሮምኛ፣ ለሶማልኛና ለአማርኛ በየዕለቱ ጆሮውን ለሚያስተካክል የሐረር ሰው ግን ይህ አዲስ ፈተና አልነበረም።

የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ጎዳናችን ሲወርድ ምን እንደሚሆን «ሙድ» ጥሩ ምሳሌ ነው። በእንግሊዝኛ የሰው የስሜት ሁኔታ የነበረው ቃል በእኛ ዘንድ «ሙድ ያዘበት» ሲባል አላገጠበት ማለት ሆነ። ቃሉ የውሰት ነው እንጂ ትርጉሙን የሰጠው የኢትዮጵያ ወጣት ነው።

በጫት መኪና የተጓዙ ቃላት

ምሥራቁ ከሌላው ቃል ሲዋስ ብቻ አልኖረም፤ ለአገሪቱ በሙሉም አበድሯል። ጫት በኢትዮጵያ የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይታያል፤ የይፋቱ ሰብረ ዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱ እዚያ ተጽፏል። ንግዱ በዘመናችን ሲሰፋ ከሐረር አጠገብ ያለችው አወዳይ የገበያው እምብርት ሆነች። ከጫቱ ጋር የጫቱ ወግና ቃል ተጫነ።

ዛሬ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ጅማ የተቀመጠ ወጣት «በርጫ» ሲል፣ ለሱስ ጥሪ «ሐራራ»፣ ለተለቀመው ፍርፋሪ «ገራባ»፣ ከቃሙ በኋላ ለሚመጣው ቅዠትና ድብርት «ዱካክ» ሲል ምሥራቁን እየተናገረ ነው። «ሐራራ» በዐረብኛ ሙቀት ነው። ምርቃናን በመጠጥ መስበር «ጨብሲ» የተባለው ኦሮምኛው መስበርን በዚሁ ቃል ስለሚጠራ ነው። «ጀዝባ» የሚለው ስድብ መሠረቱ የሱፊዎች ነው፤ በዐረብኛው ሥሩ መሳብ ሲሆን በፈጣሪ ፍቅር የተሳበን ሰው የሚመለከት ነበር። በወሊዮቹ ደጅ ጫት፣ ከበሮና ዚክር አብረው በሚሰሙበት አገር የተወለደ የምስጋና ቃል ከሱስ ጋር ሲንከራተት ወደ ዘለፋ ወረደ።

ጫት የስንቱን ወጣት ዕድሜና የስንቱን ቤት ኑሮ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ስለ ቃሉ መጻፌ ሱሱን ማድነቅ አይደለም። ሆኖም እነዚህን ቃላት ያልተረዳ ሐኪም፣ መምህር ወይም ወላጅ ከሱስ ጋር የሚታገለውን ልጅ ንግግር ሊከተል አይችልም። የመንገድ ቃል ማወቅ አንዳንዴ ሰውን ለመርዳት የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

አራዳና ሐረር

አዲስ አበባ የራሷን የመንገድ ንግግር በአራዳ ስም ጠራችው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው የአራዳ ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚገናኝበት ነበርና ከተሜነት በዚያ ሰፈር ስም ተሰየመ፤ ተቃራኒው «ፋራ» ተባለ። ጓደኛ «ጀለስ»፣ ገንዘብ «ጨላ»፣ ሥራ «ሽቀላ»፣ ፍቅር «ፎንቃ» ሆነ። በዚህ ንግግር ውስጥ ግን ዐረብኛው ጎልቶ ይሰማል። «አሪፍ» በዐረብኛ አዋቂ ማለት ነው፤ «ሼባ» ከሽበት ጋር የተያያዘ ነው፤ «አብሽር» አይዞህ ነው። የቀይ ባሕርና የምሥራቁ ንግድ በመርካቶ ነጋዴዎች በኩል እስከ መሀል አገር ቃሉን አድርሷል።

ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. «የኢትዮጵያ የምስጢር ንግግሮች» የሚል ይዘት ያለው መጽሐፍ አሳትሞ የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችንና የዛር ሰዎችን ልዩ ንግግር መዝግቧል። እንግሊዞች የለንደንን የጎዳና ቃል በመዝገበ ቃላት መልክ በፍራንሲስ ግሮዝ አማካይነት ያሳተሙት በ1785 እ.ኤ.አ. ነበር። ናይሮቢ ሼንግን፣ አቢጃን ኑሺን የሚያጠኑ የራሳቸው ምሁራን አሏቸው። እኛ ዘንድ የምሥራቁ አማርኛ በብዛት የሚሰማው በቀልድ መድረክ ነው። አንድ ተዋናይ «አቦ» ካለ ተመልካቹ ገና ነገሩ ሳይጀመር ይስቃል። ሳቁ ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ልጆቻችን የአያቶቻቸውን አነጋገር ሲሰሙ ከመሳቅ በቀር ሌላ ነገር እንዳያዩበት ያደርጋል። የአንድን አካባቢ ንግግር ለሳቅ ብቻ መጠቀም አካባቢውን ሳያዳምጡ ማለፍ ነው።

ከጀጎል እስከ ቶሮንቶ

ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ በደረሰው ስደት ብዙ ሐረሪዎች ከአገር ወጥተው በተለይ ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ትልቅ ማኅበረሰብ መሥርተዋል። የሶማሌ ስደተኞችም በብዛት እዚያው ሰፍረዋል። የቶሮንቶ ወጣቶች እንግሊዝኛ ዛሬ ከጃማይካ የመጡ ቃላትን ከሶማልኛና ከዐረብኛ ጋር ያደባለቀ ነው። ሶማሌም ዐረብም ያልሆነ የቶሮንቶ ልጅ እውነቱን እንደሚናገር ሲያረጋግጥ «ወላሂ» ይላል። የሚያሳዝን ሰው ሲያይ «ሚስኪን» ይላል። የምሥራቅ ለንደን ልጅም እንዲሁ።

ይህን የሰማ የሐረር ሰው አይደነቅም። የተለያየ ሃይማኖትና ቋንቋ ያላቸው ልጆች በአንድ ጎዳና ሲያድጉ መጀመሪያ የሚጋሩት መሐላን፣ መጠራሪያንና የአዘኔታን ቃል ነው። በቶሮንቶ በጥቂት ዐሥርታት ውስጥ የሆነው ነገር በጀጎል በሮች ዙሪያ ለዘመናት ሲሆን ኖሯል። የምዕራቡ ዓለም ምሁራን ይህን የከተሞች ድብልቅ ንግግር የዘመናችን አዲስ ክስተት አድርገው ሲያጠኑት ሐረር ልትጠቀስ የሚገባት ቀዳሚ ምሳሌ ናት።

ሳይጥሉ መዋስ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ነበር። ከዚህ ውስጥ ኦሮሞው 56.41 በመቶ፣ አማራው 22.77 በመቶ ሲሆን ሐረሪው 8.65 በመቶ ብቻ ነበር። በቁጥር ብቻ ካሰብነው ጌይ ሲናን ከብዙ ጊዜ በፊት መዋጥ ነበረበት። አልተዋጠም። ያቆየው ግንቡ ብቻ ነው ማለት አያስኬድም፤ በሮቹ ቀን ሙሉ ክፍት ነበሩና። ቋንቋው የኖረው በጌይ ጋር፣ ማለትም በሐረሪው ቤት፣ በነደባዎቹ (በቤቱ መደቦች) ላይ በሚደረገው ጨዋታ፣ ሐዘንና ደስታን በጋራ በሚሸከመው አፎቻ፣ በሰርግና በዚክር ነው። ሰውዬው በገበያ ኦሮምኛ፣ በመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ ተናግሮ ቤቱ ሲገባ በእናቱ ቋንቋ ይናገር ነበር። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ቦታ ስለነበረው አንዱ ሌላውን ማባረር አላስፈለገውም።

አደጋውም ከዚህ ይታያል። ቋንቋን የሚገድለው የተዋሰው ቃል ሳይሆን የቤቱ ቦታ መዘጋት ነው። ክልሉ ሐረሪኛንና ኦሮምኛን የሥራ ቋንቋ ማድረጉ፣ ሐረሪኛም በትምህርት ቤት መሰጠቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በቶሮንቶም ሆነ በአዲስ አበባ የሚያድግ የሐረሪ ልጅ ቤቱ ውስጥ ጌይ ሲናን ካልሰማ የትምህርት ቤት ሰዓት ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አለን። የመጀመሪያው በየቤቱ ነው፦ ከልጅ ጋር በእናት ቋንቋ መነጋገር። ሁለተኛው የአገር ነው፦ የጎዳናውን ንግግር መመዝገብ። በጀጎል ውስጥ በአብዱላሂ ሸሪፍ ትጋት የተሰበሰቡት የእጅ ጽሑፎችና የድሮ ዜማ ካሴቶች አንድ ሰው ብቻውን ምን ያህል ማዳን እንደሚችል አሳይተዋል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ የባህል ቢሮና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ክፍሎች ተባብረው ቢሠሩ የመኪና ግርግር ሰፊዎችን፣ የመጋላ ጉዶ ነጋዴዎችን፣ የጅብ አብሊዎችን፣ የአፎቻ እናቶችን ንግግር በድምፅ ማስቀረት ይቻላል። ግንቡን ለመጠገን ባለሙያና በጀት እንደሚመደብ ሁሉ በግንቡ ውስጥ ለሚነገረው ቃልም ሊመደብ ይገባል። ሐረር ለአገራችን ልታስተምር የምትችለው ትልቁ ትምህርት ለጎረቤት ቃል ቦታ እየሰጡ የራስን ቋንቋ ጸንቶ መናገር ነው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልገን ትምህርት ያለ አይመስለኝም።